የአርሊን ጉጉቶች

አርሊን ፊስክ በስቶኒ ፖንድ መካነ መቃብር የጸደይ ወፎችን ለጎብኚ ማሳየት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ተሰብስበው የሚጠብቋት ሰዎች ከሃያ አያንሱም ነበር፤ ቨርነን ኪምቦል እስኪመጣ ድረስ።

ቨርነን ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ድንቢጥን ከርግብ አይለይም፤ እዚያ የተቀበሩትን ሰዎች ታሪክ ግን እንደ ጎረቤት ሐሜት ነው የሚያወራው። የመካነ መቃብሩ ቢሮ የእሱን ጉብኝት በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት አደረገው። አርሊን አምስት ሰው ይዛ በኩሬው ዳር ስትሄድ ከኮረብታው ማዶ የአርባ ሰው ሳቅ ይሰማታል።

"ወፎቹን እኮ ያስበረግጋቸዋል" አለቻት ፕሮግራም ለምታወጣው ለጆዲ።

"ወፎቹን ነው ወይስ አንቺን?" ጆዲ ሳቀች። አርሊን አልሳቀችም።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ከኩሬው ጀርባ ባለ አሮጌ ጥድ ላይ የጉጉት ጎጆ አገኘች። ሁለት ነጭ ጫጩቶች ነበሩበት። ዛፍ የሚቆርጡት ሠራተኞች እንዳይነኩት ለቢሮ መናገር ነበረባት። ግን ከተናገረች ጆዲ በፕሮግራሙ ላይ ታወጣዋለች፤ ቨርነንም አርባ ሰዎቹን እየነዳ ይመጣል። "ይሄ እንኳ የኔ ይሁን" አለችና ዝም አለች። በየቀኑ ብቻዋን እየሄደች ታያቸዋለች።

በሚያዝያ አጋማሽ አንድ ሐሙስ ጠዋት በበሩ ስትገባ የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰማች። በረዶ የሰባበራቸውን ጥዶች እየቆረጡ ነበር፤ ድምፁም የሚመጣው ከኩሬው ጀርባ ነው። ጉልበቷ እያመማት ሮጠች።

ጎረቤቱ ጥድ መሬት ላይ ተጋድሟል። የእሷ ዛፍ ግን ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ብርቱካናማ ሪባን ታስሮበታል።

"ያኛውን እስከ ሰኔ አትንኩት ተብለናል" አላት የሠራተኞቹ አለቃ። "ጎጆ አለበት።"

"ማነው ያላችሁ?"

"ቨርነን። የአርሊን ጉጉቶች ናቸው አለን። ሁለት ሳምንት ሆነው።"

እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጋለ። ጫጩቶቿን ያዳናቸው እሱ ነው። ልትፈልገው ሄደች።

ቨርነን አግዳሚ ወንበር ላይ ሳንድዊች ሲበላ አገኘችው።

"ስለ ጎጆው ታውቅ ነበር።"

"በየቀኑ በአንድ መንገድ ስትሄጂ አየሁሽና ተከተልኩሽ። ይቅርታ፣ የሹፌር አመል ነው፤ ሰው የት እንደሚወርድ ማወቅ እወዳለሁ።"

"ለሰዎችህ ለምን አላሳየሃቸውም?"

"የኔ አይደለማ። ጫጩቶቹ እንዳይረበሹ ብለሽ ነው ዝም ያልሽው፣ አይደል?"

አዎ ብትለው ያምናት ነበር።

"አይደለም" አለች። "አንተ እንዳታውቅ ብዬ ነው። ለሠራተኞቹ ባትነግራቸው ኖሮ ቆርጠውት ነበር።"

ቨርነን የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ። "ይህን ያህል ነው የምትጠዪኝ?"

"ሲስቁልህ ነው የምጠላህ።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪዎቼ ጀርባዬን ነው ያዩት፣ አርሊን። ሲስቁልኝ ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ?"

አጠገቡ ተቀመጠች። "ቅዳሜ ሰዎችህን ይዘህ ና" አለችው። "ብቻ ቀስ ብለው ይምጡ።"

ቅዳሜ አርባዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ከጥዱ ራቅ ብለው ቆሙ። አርሊን በሹክሹክታ አስረዳች። እናትየዋ ጉጉት አንገቷን ወደ እነሱ ስታዞር ሁሉም አብረው በአድናቆት ተነፈሱ። አንዲት ሴት ግን ወደ ቨርነን ዘወር ብላ "ስንት ዓመት ይኖራሉ?" አለችው። እሱ በእጁ ወደ አርሊን አመለከተ። አርሊን መለሰችላት፤ ጥያቄው ወደ እሱ መሄዱ ግን እንደ እሾህ ወጋት።

ከዚያ ሰዉ ቨርነንን ተከትሎ ኮረብታውን ወጣ። እሷም ወጣችና ከሁሉም ኋላ ቆመች። ቨርነን እዚያ ስለተቀበረ፣ የእንጨት እግር ስለነበረው አንድ ዳቦ ጋጋሪ እያወራ ነበር። ሳታስበው ሳቀች። ታሪኩ ጥሩ ነበር፤ ይህም አናደዳት።