በአልጋ ዳር የተነገረ ርክክብ

የለመደውን መንገድ መተው ለሰው ልጅ ከደዌ የማይተናነስ ጭንቅ ነውና፥ አዲስ ሥርዓትን የሚተክል ሁሉ አስቀድሞ የገዛ ዕረፍቱን እንደሚነቅል፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ልብህ ይመርምረው። በአንዲት ደጋማ ከተማ ሆስፒታል የነርሶች አለቃ ሆና የተሾመችው ሲስተር የውብዳር፥ ትጉህና ጠንቃቃ፥ ነገር ግን ልቧ ዕረፍት የማያውቅ ሴት፥ የአንዱ ሕሙም መድኃኒት በስም መመሳሰል ለሌላው መሰጠቱን ካየች በኋላ፥ ወጪና ገቢ ተረኞች ስለ ሕሙማኑ በር ዘግተው የሚያደርጉት ርክክብ ከእንግዲህ በአልጋ ዳር፥ ሕሙማኑ እየሰሙ እንዲሆን አዘዘች። ነርሶቹም በአፍ ታዘዙ፥ በልብ ግን አመፁ። ከሁሉ ይልቅ ያቆሰላት፥ መርፌ መውጋትን ያስተማሯት አንጋፋዋ ሲስተር ዘርትሁን ርክክቡ በተጀመረ ቁጥር ፊታቸውን አዙረው መውጣታቸው ነበር።

የውብዳርም እህል አልጥም፥ ወንበር አልረጋ ብሏት ከክፍል ወደ ክፍል ስትመላለስ ሰነበተች። የሆስፒታሉ ሹም «ለዘርትሁን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፊላቸው» ብለው ቢመክሯት ሦስት ጊዜ ጀመረች፥ ሦስት ጊዜም ተወችው። በመጨረሻ ዘርትሁንን አንሶላ ሲያጥፉ አግኝታቸው፥ «እትዬ፥ ምን በደልሁዎት?» አለቻቸው።

ዘርትሁን አንሶላውን ሳይለቁ፥ «ልጄ፥ ባለቤቴ በዚሁ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፥ ሐኪሞቹ ዕጢው ተመልሷል ሲሉ በራስጌው ሰማ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ አላናገረኝም። ያንን በሰው ላይ እንድደግመው ነው የምታዢኝ?» አሉ።

የውብዳር ሥርዓቷ የሕሙማንን ኀዘን የሚያይ ዓይንም ርኅራኄም እንደ ጎደለው ተረድታ ደነገጠች፤ ሐኪም ለሕሙሙ ገና ያልገለጠው ክፉ ዜና በዝግ ክፍል እንዲቀር፥ ስም፥ መድኃኒትና ሕመም ግን በአልጋ ዳር እንዲነገር ወዲያው ደነገገች።

በማግስቱ ዘርትሁን ወደ ርክክቡ መጡ። በሦስተኛው አልጋ፥ «ወይዘሮ ትብለጥ፥ እኩለ ቀን ላይ ፔኒሲሊን» ብለው ሲያነቡ፥ ሕመምተኛዋ ከትራሷ ቀና ብላ፥ «እሱን በጤና ጣቢያ ወግተውኝ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ለጥቂት ነው የተረፍሁት፤ እዚህ የጠየቀኝ የለም እንጂ» አለች። አንጋፋዋ ነርስ ትእዛዙን አግደው ሐኪሙን አስጠሩ።

ሲወጡ የውብዳርን፥ «አሁንም አልወደድሁትም፤ ግን እመጣለሁ» አሏት። የውብዳርም፥ ሥርዓቱን ገና ያልተቀበሉ አምስት ክፍሎች ይጠብቋት ነበርና፥ ያለ ዕረፍት ወደ ቀጣዩ ተራመደች፤ ትእዛዝ እግርን ያስኬዳል፥ ልብን ግን የሚያስኬደው የተደመጠ ኀዘን ብቻ ነው።