የዳልቻ ሙቀት

1.

ሞቀ።

2.

ያሉት አቶ አንለይ ናቸው፤ የወይራ አፋፍ ከተማ የውሃ ፓምፕ ኦፕሬተር። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ፓምፖቹ ተነስተው ትንሽ እንደቆዩ፣ መዳፋቸውን በዳልቻ ጀርባ ላይ ያሳርፋሉ። ሲሞቅላቸው ደስ ይላቸዋል።

«አይ የኔ ልፋተኛ! ሌሎቹ ቀዝቃዛ ናቸው፣ አንተ ግን ላብህ ጠብ ይላል» ይሉታል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን መዳፍ እንዳይረሱት። እመለስበታለሁ።

3. ስም ዝርዝር

ቦራ፦ አንደኛ ፓምፕ። አዲስ።

ጉራች፦ ሁለተኛ። የቦራ እኩያ፣ አብረው የመጡ።

ዳልቻ፦ ሦስተኛ። አሮጌ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቶ አንለይ በገዛ እጃቸው ኩሽኔታ የቀየሩለት፣ ዕቃ ሲጠፋ ወፍጮ ቤት ሄደው እየለመኑ ያቆዩት።

በበሬ ስም የጠሯቸው የገበሬ ልጅ ስለሆኑ ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመው ከአንድ ገንዳ ይስባሉ፣ ወደ አንድ ቧንቧ ይገፋሉ። ቧንቧው ሽቅብ ላይ ሰፈር ወዳለው ታንከር ይወጣል።

4. ችግሩ

ውሃው ላይ ሰፈር አይደርስም።

ሦስቱ አብረው ሲነሱ ረፋድ ላይ መብራቱ ይደክማል፣ ብሬከሩ ጧ! ብሎ ይወርዳል፣ ትራንስፎርመሩ እስኪበርድ ሁሉም ይቆማል። እንዲህ እያለ ታንከሩ ግማሽ ሳይሞላ ይመሻል። የአቶ አንለይ ቤት ደግሞ ያለው ላይ ሰፈር ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥጋቤ በስልሳ ዓመታቸው ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ ይወርዳሉ።

«ባሌ የውሃ ሰው ነው ብዬ ማውራት አፈርኩ እኮ» አሉ ባለፈው እሑድ፣ ጀሪካኑን ደጃፍ ላይ አሳርፈው ወገባቸውን ይዘው።

አቶ አንለይን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ባል ናቸውና አዘኑ።

5.

(ይህን ቁጥር አጥፍቼዋለሁ። ታሪኩ ያለ እሱ ይሄድ እንደሆነ እንይ።)

6. ንግግር፣ እንደተባለው

ብዙአየሁ ከዞን የተላከች ኢንጂነር ናት። ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ጫጫታ ስላለ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ተጣልተው አይደለም።

ብዙአየሁ፦ ጋሽ አንለይ፣ ዳልቻን ለምን ያስነሱታል?

አንለይ፦ ውሃው አልደርስ ሲል ነዋ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ብዙአየሁ፦ መንገዱ እኮ አንድ ቧንቧ ነው። ሁለቱ ጉልበተኞች ይዘውታል። ዳልቻ የውስጥ ክንፉ ተበልቷል፤ የእነሱን ግፊት አሸንፎ መግባት አይችልም።

አንለይ፦ አይችልም? ነይ እስቲ ንኪው! እሳት ሆኗል። ማን እንደሚለፋ በእጅሽ እይው።

ብዙአየሁ፦ (ነክታ) እኔም የፈራሁት ይኼንኑ ነው። ፓምፕን የሚያቀዘቅዘው የሚያልፍበት ውሃ ነው። ዳልቻ ግን ውሃ አይወጣለትም። ያንኑ ውሃ ሆዱ ውስጥ እያማሰለ ያፈላዋል። መብራታችሁ የሚያልቀው እዚህ ነው።

አንለይ፦ ውሸት!

ብዙአየሁ፦ እሺ፣ የዳልቻን መውጫ ቫልቭ ይዝጉት። እርስዎ ራስዎ። ውሃ ይሰጥ ከነበረ የዋናው ቧንቧ ግፊት መለኪያ ጌጅ ይወርዳል።

7. መመሪያ

ቫልቩን ይያዙ። ዓይንዎን ከጌጁ ላይ አይንቀሉ።

ያዙሩ።

ያዙሩ።

ያዙሩ።

ጥብቅ።

መርፌው ንቅንቅ አላለም።

8.

የአቶ አንለይ እጅ ቫልቩ ላይ ቀረ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት?» አሉ።

«ኧረ ሁሉንም አይደለም ጋሽ አንለይ! ሁለቱ አዳዲሶች ከመጡ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከተማውን ያጠጣው እሱ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሙቀቱን ሳመሰግን ኖርኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።» ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ብዙአየሁ ቀዩን ቁልፍ ልትጫን እጇን ስትዘረጋ «ተይ ልጄ፣ እኔ ልጫነው» አሏት። ተጫኑት።

9.

አራት ሰዓት። ብሬከሩ አልወረደም።

አምስት ሰዓት። አልወረደም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ።

«አንተ! ቧንቧው እያስነጠሰ መጣ እኮ! ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ምን አድርገህ ነው?»

«አንዱን አጠፋሁ።»

«አጥፍተህ ነው የበዛው?»

«አዎ።»

«ጡረታ ልትወጣ ሳምንት ሲቀርህ ገባህ?» ወይዘሮ ጥጋቤ ሳቃቸው ከውሃው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ተሰማ። «ይሁን፣ ተመስገን! እራትህን ዛሬ በደንብ እሠራልሃለሁ።»

10. መዝገብ

አቶ አንለይ በዚህ መዝገብ ላይ ውሸት ጽፈው አያውቁም።

ቀን፦ ሰኔ 23

ቦራ፦ ይሠራል

ጉራች፦ ይሠራል

ዳልቻ፦ ቆሟል

የቆመበት ምክንያት፦

«ብልሽት» እንዳይሉ፣ ሲያስነሱት ይነሳል። «መብራት ጠፋ» እንዳይሉ፣ መብራቱ አለ።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ምን ልበል?»

ብዙአየሁ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር። «"አያስፈልግም" ብለው ይጻፉት» አለች፣ ክፉ ሳታስብ። ሰኔ ሠላሳ እሳቸውም እንደሚሰናበቱ ማንም አልነገራትም።

አቶ አንለይ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ተነስተው ሄዱና መዳፋቸውን በዳልቻ ጀርባ ላይ አሳረፉ።

በርዷል።

ተመልሰው መዝገቡ ፊት ተቀመጡ። ያንን ቃል እሳቸው አይጽፉትም፤ እኔም አልጽፍላቸውም። እስክሪብቶው ይኸውልዎ።

የቆመበት ምክንያት፦ ................................