ለጭብጨባ የተመደበው አውቶቡስ

«ያለፈው ሰኞ ስንት ሰው ተሳፈረ? ሃያ አራት። ከዚያ በፊት የነበረው ሰኞስ? ሃያ አራት። ታዲያ ለሃያ አራት ሰው ስድሳ ወንበር ልመድብ?» አለ የስምሪት ኃላፊው ጓድ ደምመላሽ፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መኪናው ያለው ወንበር ሃያ አራት ነዋ» አለች ቅቤ ነጋዴዋ አባይነሽ። «ቦርከናን በስኒ ቀድተህ ወንዙ አንድ ስኒ ነው ልትለን ነው?»

የኮምቦልቻ መናኸሪያ ሳቀ። ደምመላሽ አልሳቀም፤ በጥናት የተወሰነ ነገር አያስቀውም። በጥናቱ መሠረት፣ አገር ሁሉ ወደ ደሴ ገበያ በሚወጣበት በሰኞ ትንሹ አውቶቡስ ይመጣል። ትልቁ የሚመጣው ማክሰኞ ነው፤ ገበያው ከተበተነ በኋላ ባዶ ወንበሩን ደሴ አድርሶ ሊመልስ።

ረሂማ ከሰዉ መሐል ጋቢ ታቅፋ ቆማለች። የምትሸጠው የላትም። ልጇ በሺር ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ደሴ ነው ያለው፤ ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ወደ ማሠልጠኛ እንደሚወስዷቸው ሰምታለች። ጋቢውን ልታለብሰው፣ ዓይኑን ልታይ ነበር የመጣችው። ነገር ግን የትንሹ አውቶቡስ በር ሲከፈት ክርን ያለው ቀደመ፤ አውቶቡሱም እሷን ትቶ ሄደ።

ትልቁ አውቶቡስ ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ ታጥቦ፣ ባንዲራ ተሰክቶበት ቆሟል።

«ያ ምን ይጠብቃል?» አለች አባይነሽ።

«ለሽኝት የተመደበ ነው።»

ደሴ የሰነበተ አንድ ትልቅ እንግዳ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። በሚያልፍባት በሐርቡ ከተማ የሚያጨበጭብ ሰው እንዳያንስ ተሰግቶ፣ ከኮምቦልቻ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እንዲላክ ታዟል። የታዘዙት የማኅበር አባላት ግን አልመጡም። ሰኞ ነው፤ በትንሹ አውቶቡስ ተጋፍተው ገበያ ወጥተዋል።

ደምመላሽ ባዶውን አውቶቡስ አየ፤ ቀጥሎ ሰዉን አየ። በሥራ ዘመኑ ወንበርና ተሳፋሪ ልክ ለልክ ሲገጥሙለት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ሰፊው ሕዝብ ትልቅ አውቶቡስ ጠይቋል፤ ተፈቅዷል» አለ። «መጀመሪያ ሐርቡ ደርሰን እንግዳውን እንሸኛለን። ከዚያ ቀጥታ ደሴ።»

«ደሴ እኮ በዚያ ነው» አለች አባይነሽ ወደ ተራራው እየጠቆመች። «ሐርቡ በዚህ።»

«መንገዱ አንድ ነው።»

ረሂማ ወደ ሾፌሩ መስኮት ተጠጋች። «እንድሪስ ልጄ፣ ለዙሁር ደሴ ታደርሰኛለህ?»

«አብሽሩ እናቴ፣ ኢንሻአላህ። ይግቡ።»

ሐርቡ ላይ ፀሐዩ ያነድዳል። ደምመላሽ ሰዉን በአስፋልቱ ዳር አሰልፎ አስጠነቀቀ፤ ከኮምቦልቻ በኩል መኪና ብቅ ሲል ይጀመራል፣ እሱ ሳይል ማንም አያቆምም።

«ጓድ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠን ብናጨበጭብስ?» አለች አባይነሽ። «በሰኞ ቀን ወንበር ዳግመኛ አናገኝም።»

ከመታጠፊያው ወዲያ የሞተር ድምፅ ተሰማ።

«ጀምሩ» አለ ደምመላሽ።

ስድሳ ሰው አጨበጨበ። ረሂማም ጋቢውን ብብቷ ውስጥ ወትፋ አጨበጨበች፤ ጠበቅ አድርገው ካጨበጨቡ ቶሎ የሚለቋቸው መስሏት ከጎረቤቷ አብልጣ አጨበጨበች። የመጡት ግን ሸራ የለበሱ የጦር ካሚዮኖች ነበሩ። ለእንግዳው መንገድ ይልቀቁ ተብለው ከተባለው ሰዓት ቀድመው ከደሴ ተነስተዋል። በላያቸው ወጣቶች እንደ ማገዶ ተደርድረው ቆመዋል፤ እነሱን ለመጫን ጥናት አላስፈለገም።

በመጨረሻው መኪና ጀርባ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ልጅ አንገቱን አሰገገ። በሺር ነበር። እናቱን አያት፤ የሚጋጩ እጆቿንም አየ። አንድ ነገር ተናገረ፤ ጭብጨባው ዋጠው። እጆቿ እንዳሉ አየር ላይ ቀሩ። መኪናው አለፈ።

«አቁሙ፣ አቁሙ» አለ ደምመላሽ። «ምልምሎች ናቸው። ለነሱ አልታዘዘም።»

እንግዳው ዘግይቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ እንደተኛ አለፈ። በደንብ ተጨበጨበለት። ከዚያ ሁሉም ወደ አውቶቡሱ ተሯሯጠ፤ በመስኮት በኩል ለመቀመጥ ሁለት ሽማግሌዎች በከዘራ ሊማቱ ደረሱ። ደምመላሽ በሩ ላይ ቆሞ ወንበሮቹን በዓይኑ ቃኘ።

«አየሽ፣ አንድ ወንበር ባዶ ነው» አላት አባይነሽን። «ትልቁ አይሞላም አላልኩሽም?»

የአባይነሽ ቅቤ በፀሐዩ መቅለጥ ጀምሯል፤ የመነታረኪያ ጊዜ አልነበራትም። የቅቤ ቅሏን አንስታ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች። እንድሪስ ሞተሩን አስነስቶ የአውቶቡሱን ግንባር ወደ ደሴ አዞረ።

በወዲያኛው በኩል፣ በከሚሴ መንገድ ዳር፣ ረሂማ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ካሚዮኖቹ ወደሄዱበት ትራመድ ነበር።