ወደ መሬት የምታየው ብሎን

በሰፈራችን ከአባዬ ቀጥሎ ፍሬን የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም በብሎን የሚስተካከለኝ የለም። ጋራዡ ውስጥ «ኢንጂነሯ» ይሉኛል። ለሹፈት ነው የሚሉ አሉ፤ ምቀኞች ናቸው።

የዚያን ቀን አጎቴ ተማሪ የሚያመላልስበትን ሚኒባስ ይዞ ከች አለ። የፊት ፍሬኑ አልለቅም እያለ ጎማው እንደ ምጣድ ይግላል። አባዬ ጎማዎቹን አስፈትቶ ካሊፐሮቹን አየ፤ የፍሬን ሸራዎቹን ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ ላይ አንቀው የሚይዙትን ብረቶች ማለቴ ነው። ሸራውን የሚገፋው ፒስተን በሁለቱም ዝጎ ተጣብቋል፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎሚኒም አልቆለታል አለ። አዲስ ጎሚኒ ሰጠኝና መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሊያይ ወጣ። በር ላይ ሲደርስ ዞሮ ጣቱን ቀሰረብኝ።

«አንዱን ገጥመሽ ሳትጨርሺ ሌላውን እንዳትነኪ።»

ሁልጊዜ የሚላት ነገር ናት። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ፈታሁ። አንድ ሳፋ፣ አንድ እጥበት፤ ማን ሁለቴ እጁን ያቆሽሻል? ፒስተኖቹን በአየር ገፍቼ አወጣሁ፣ ዝገቱን ጠረግሁ፣ ጎሚኒውን በፍሬን ዘይት አርሼ ቦታው አስገባሁ። ፒስተኑን በአውራ ጣቴ ብገፋው ሹልክ ብሎ ገባ። አጎቴ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ልጆቹ የሚለቀቁበት ሰዓት ደርሷል። ትምህርት ቤቱ ኮረብታው ላይ ነው፤ ልጆቹን ጭኖ የሚወርድበት ቁልቁለት ደግሞ የሚያልቀው ሰው በሚተራመስበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው።

ገጠምኩ። ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ብቻ ቀረኝ፤ አየር ካለበት ፍሬን አይዝም። አጎቴ ፔዳሉን ይረግጣል፣ እኔ ታች ተኝቼ የአየር ማስወጫዋን ብሎን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ዘይቱ በቀጭኗ ቱቦ ጥርት ብሎ ወረደ፤ አንድም አረፋ የለው። ተነስቼ ጨርሻለሁ አልኩ፤ ጎረቤታችን ጎማ ጠጋኙ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

አጎቴ ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ።

«ምንድነው ይሄ? ሊጥ ነው እንዴ የረገጥኩት?»

እንደገና አስወጣን። ዘይቱ ጥርት፣ ፔዳሉ ሊጥ። አጎቴ በንዴት ደጋግሞ ሲጨፈልቀው ግን ጠነከረ። ፊቱ በራ፤ ይኸው ያዘ፣ ቶሎ ጎማዎቹን እሰሪ አለኝ። አሰርኩ፤ ክሪኩንም አወረድኩ። ግን ሲደጋግሙት የሚጠነክር ፔዳል ትንሽ ካረፈ እንደሚከዳ አውቃለሁ። ብናገር ኢንጂነርነቴ አበቃ፤ አባዬ ወደ ጎማ እጥበት ይመልሰኛል። ዝም ብል ደግሞ… ከአጎቴ አጠገብ የምትቀመጠው፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጠው ትንሿ ልጅ ትዝ አለችኝ።

አጎቴ ሞተሩን አስነሳ። በመስኮቱ እጄን ሰድጄ አጠፋሁትና ቁልፉን ነቀልኩ።

«አትሄድም።»

«አምጪ ቁልፉን። ልጆቹ ደጅ ላይ ቆመዋል።»

«አሁን ርገጠው፣ ጋሼ። አንዴ ብቻ።»

ረገጠ። ሰመጠ።  ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደወለ፤ ልጆቹን ግቢ ውስጥ አቆይልኝ ሲል ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በግማሽ የቀረውን የዘይት ጠርሙስ በብስጭት እያገላበጥኩ ነው። ስገለብጠው ውስጡ ያለው አየር ወደ ላይ ይሸሻል። ሳቃናውም ወደ ላይ። ብድግ ብዬ ጎማው ስር ገባሁ። ማስወጫዋ ብሎን ወደ መሬት እያየች ነው። መሆን የነበረባት ከካሊፐሩ አናት ላይ ነው። የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ገጥሜያለሁ፤ ከአንድ ሳፋ የወጡ መንትዮች፣ ማን ይለያቸዋል? አየሩ አናቱ ላይ ተቀምጦ ይስቅብኛል፣ እኔ ከታች ንጹህ ዘይት አፈሳለሁ።

መልሼ ስፈታ አባዬ ደረሰ። አጎቴ የሆነውን ነገረው። አባዬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠና እያንዳንዱን ብሎን ሳጠብቅ አየኝ። ሁለቱም በየቦታቸው ሲገቡ አየር ማስወጣት ጀመርን፤ አረፋው እየተንጫጫ ወጣ። አባዬ ራሱ ገብቶ ረገጠ። ቆየት ብሎ ደግሞ ረገጠ። ድንጋይ። ጎማዎቹን ካሰርኩ በኋላ በሚኒባሱ ግቢውን ዞሮ፣ በሩ ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ቁልፉን ለአጎቴ ሰጠው።

አጎቴ ከሄደ በኋላ አባዬ ስልኩን ከእጁ አላስቀመጠም። እኔም አንድ የብሎን መፍቻ ስወለውል ቆየሁ። በመጨረሻ ስልኩ ጠራ። ቁልቁለቱን ወርደናል፣ ልጆቹም እየዘፈኑ ነው አለ አጎቴ።

ያኔ ትንፋሼ ተመለሰ፤ ከትንፋሼ ጋርም አመሌ።

«ያም ሆነ ይህ፣ ጥፋቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አባዬ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«አንቺው ደብቀሽ፣ አንቺው አገኘሽ። ሂጂ ሳፋውን እጠቢ።»