መጥረጊያ የተዋሰው ሌባ

አዲሷ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ነገሩ አጭር ነው። አንድ አናጺ በአከራይዋ ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ተከራይቶ ከኖረበት ቤት ሲለቅ የፊት ለፊቱን በር ነቅሎ ሄደ። አከራይዋ እህታቸውን ጠይቀው ሲመለሱ በራቸው የለም፤ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው "ተሰረቅሁ" አሉ። አናጺውም አልካደም። "እንጨቱን የገዛሁት እኔ፣ በሩን የሠራሁት እኔ፤ ታዲያ የማን ሊሆን ነው?" ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።

አለቃዋ ነገር ማንዛዛት የማይወዱ ሰው ናቸው። "በሩ የት ነበር? ቤቱ ላይ። አሁን የት ነው? እሱ ዘንድ። መውሰዱን አምኗል። ክሱን ጻፊና አምጪው" አሏት።

ልትጽፍ ተቀመጠች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። የአናጺ እንጀራ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ነው፤ አንዴ ሌባ ከተባለ ማን ደፍሮ ያስገባዋል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የዚህ ሰውዬ ስም ግን መቃብሩ ቀርቶ የወሩን መጨረሻ የሚያይ አይመስልም።

ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ብላ በማግስቱ ቤቱን ልታይ ሄደች። አከራይዋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ደጃፉ ላይ ጠበቋት።

"ይኸው እይልኝ ልጄ። ያን የመሰለ በር ወስዶ ይሄን አሮጌ ለጥፎልኝ ሄደ።"

አሮጌው በር አናጺው መጀመሪያ ሲገባ አውርዶ ዕቃ ቤት ያስቀመጠው ነው። ዐቃቤ ሕጓ ጎንበስ ብላ አየችው። ከሥሩ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ጣውላ ገብቶበታል፤ ቀለሙም ከአሮጌው ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ተቀብቷል። መቃኑ ላይ የተወሰደው በር ትልልቅ ማጠፊያዎች የነበሩበትን የብሎን ቀዳዳ ፈለገች። በዐይኗ አጣችው። በጣቷ ዳበሰች፤ አሁንም የለም። እያንዳንዱ ቀዳዳ በእንጨት ተደፍኖ፣ ተፈግፍጎ፣ ለስልሶ ከመቃኑ ጋር አንድ ሆኗል። በሩን ገፋ ስታደርገው ሲጢጥ እንኳ ሳይል ተዘጋ።

እውነቱን ለመናገር ደነቃት። የተሰበረ ቁልፍና የተፈነቀለ መስኮት በየመዝገቡ አይታለች፤ የፈነቀለውን መልሶ የሚጠግን ሌባ ግን አጋጥሟት አያውቅም።

ጎረቤቲቱ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆይተው አላስችል አላቸው።

"በጠራራ ፀሐይ ነው የሠራው። ከጠዋት ጀምሮ ሲልግ ሲያለሰልስ ዋለ። ሲጨርስ መጥረጊያ አውሺኝ አለኝ። ሰጋቱራውን ጠርጎ፣ መጥረጊያዬን አራግፎ መለሰልኝ። ሌባ መጥረጊያ ይዋሳል እንዴ?"

አከራይዋ ጎንበስ ብለው መቃኑን በጣታቸው ዳበሱት።

ዐቃቤ ሕጓ ቢሮ ስትመለስ በቀጥታ አለቃዋ ዘንድ ገባች። "በሩ የሴትዮዋ ነው" አለቻቸው። "እንጨቱን ማንም ይግዛው ማንም ይሥራው፣ ቤት ላይ ከተገጠመ የቤቱ አካል ነው። ሲለቅ ካሳ መጠየቅ ይችል ነበር እንጂ ነቅሎ መውሰድ አይችልም።"

"እና ወሰደ። ሰረቀ ማለት ነዋ።"

"አይደለም። ሌብነት በእጅ ብቻ አይሆንም፤ ልብም ማወቅ አለበት። ይሄ ሰው የራሱን ይዞ የሄደ ነው የመሰለው። በእጁ የሠራው ነገር የትም ይሰቀል የት የራሱ ሆኖ የሚቀር መስሎት ተሳሳተ። በሩን ይመልስ፤ ሌባ ግን አይባል።"

"በምን አወቅሽ? ልቡ ውስጥ ገብተሻል?"

"አልገባሁም። መቃኑን ግን ዳብሻለሁ።"

አለቃዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩአት። ያየችውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገሯትና መዝገቡን ስበው "ይዘጋ" ብለው ፈረሙበት። እሳቸውም በወጣትነታቸው እንዲህ በእግራቸው እየሄዱ ያጣሩ እንደነበር ነገሯት፤ ማንም ባይጠይቃቸውም።

አናጺው ሲጠራ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ ገባ። በሩን መመለስ እንዳለበት ስትነግረው አንገቱን ደፋ። አራት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ የለፋበት በር ነው።

"ሌብነቱስ?" አላት።

"እርስዎ ሌባ አይደሉም። ክሱ ቀርቷል።"

"በር ሌላም ይሠራል" አለና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን ሲመልስ ዐቃቤ ሕጓም ሄደች። የመሄድ ግዴታ አልነበረባትም፤ በሩን ማየት አማራት እንጂ። እውነትም በር ነው። አንድ ምስማር አልገባበትም፤ ጣውላው እርስ በርሱ ተቆላልፎ የተያያዘ ነው። አናጺው ሲሰቅለው እልህ አልነበረበትም፣ አልቸኮለም፤ ገና ዛሬ ለደንበኛ እንደሚያስረክብ ሰው ጎንበስ ብሎ ክፍተቱን በዐይኑ ለካ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ክስ ልትጽፍ ተቀምጣ እንደነበር ስታስበው አፈረች።

አከራይዋ ቆመው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ራሳቸው ቤት ገብተው ነጠላ ጫማቸውን በሽፍን ጫማ ለውጠው፣ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡና የቤታቸውን ቁልፍ ለአናጺው ዘረጉለት።

"የመኝታ ቤቴ መሳቢያ አልከፈት ብሎኛል። እኔ እህቴ ዘንድ ደርሼ ማታ ነው የምመለሰው። ሠርተህ ስትጨርስ ቆልፍና ቁልፉን አንተው ዘንድ አቆየው፤ እኔ ሌላ አለኝ።"

አናጺው ቁልፉን ተቀበለ። መሣሪያውን ሰብስቦ ወደ ቤታቸው ገባ።