ባለቤት ያልመጣለት ቋጠሮ

ስጦታው ዋንዛው ላይ ሆኖ የሩቅ ማያ መነጽሩን ሲያነሳ ጨፌው ገና በጉም ተሸፍኖ ነበር። መጀመሪያ የሚታየው ሁልጊዜም የሽመላዋ ዘውድ ነው። ወርቃማ ጭራሮ የመሰለው የራሷ ላባ ከእንግጫው ሣር በላይ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ነጭና ቀይ ጉንጯ፣ ከዚያ ጥቁር አንገቷ። ዛሬም አለች። ሽመላዋ እንቁላሎቿን እንደታቀፈች ናት።

ደብተሩን ከጉያው አውጥቶ «አራት ይብራ፣ ሁለት ጋጋኖ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «ሽመላዋ፣ ሃያ ዘጠነኛ ቀን» ሲል ጨመረበት። ሽመላ የምትታቀፈው አንድ ወር ያህል እንደሆነ መምህር ሣህለ ማርያም ነግረውታል።

መምህሩ የሞጣ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ወፍ ሊቆጥሩ በአውቶቡስ ቢቸና ድረስ ሲመጡ እዚህ ጨፌ ያደረሳቸው ስጦታው ነበር። ሲሰናበቱት አሮጌ መነጽራቸውን አንገቱ ላይ አጠለቁለት። «አንተ ዝም ማለት ትችላለህ፤ ወፍ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ይወዳል» አሉት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ወደ ወፍጮ ቤት ሥራው ከመሄዱ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ደን ጥግ ያለው ዋንዛ ላይ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት መምህሩ ደውለው ነበር። «በእኛ በኩል ዘንድሮ አንድም የሽመላ ጎጆ አላገኘሁም፤ ረግረጉን አርሰውታል። ያንተዋን አደራ።»

አደራው ከብዶታል። አምና እዚሁ ጨፌ የተፈለፈሉትን ሁለት ጫጩቶች የማይታወቅ ሰው በቅርጫት ከቶ ወሰዳቸው። ቢቸና ላይ ለግቢ ማስጌጫ ተሸጡ ተባለ። ጎጆው የት እንዳለ ለአንድ ጎረቤቱ ያወራው ስጦታው ራሱ ነበር። ዘንድሮ ለእናቱም አልተነፈሰም።

ዛሬ ግን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ልጃገረዶቹ ጎህ ሲቀድ እንግጫ ሊነቅሉ ይወርዳሉ፤ የነቀሉትን ለነገ የቤቱ ምሰሶና የበሬው ቀንድ ላይ ያስሩታል። ሽመላዋ ደግሞ ጎጆዋን የሠራችው እንግጫው ካማረበት መሀል ላይ ነው።

በመንደሩ አንድ ወግ አለ። ልጃገረድ ቀድማ ወርዳ ያማራትን እንግጫ ጫፍ ከጫፍ ከቋጠረች ቦታው የእሷ ነው፤ ሌላ አይነካባትም። ስጦታው ትናንት ማምሻውን በደረቱ እየተሳበ ከጎጆው ሃያ እርምጃ ርቆ በአራት በኩል አራት ቋጠሮ ቋጠረ። ከዚያም ልቡ አርፎ ተኛ።

የዘነጋው ነገር ትዝ ያለው አሁን ነው፤ ከወዲያ ማዶ ዘፈኑን ሲሰማ። ቋጠሮ የሚከበረው ባለቤቱ ማልዳ ቆማ «የእኔ ነው» ስትል ነው። ባለቤት ያልመጣለት ቋጠሮ ለቀደመ ነው። የተቋጠረ ቦታ ደግሞ ምርጥ እንግጫ እንዳለበት የማያውቅ የለም። ጎጆዋን የከለለላት መስሎት ምልክት አቁሞባታል።

ልጃገረዶቹ ሃያ ይሆናሉ። ከፊት የምትመራቸው ብሩክታይት ናት፤ በዘፈንም በነገርም የሚችላት የለም። ጨፌው ዳር ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አራት ቋጠሮ! ይቺ ስስታም ማን ናት? ጨፌውን ጠቅልላ ልትወስደው ነው እንዴ?»

ልጃገረዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ሦስቴ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። የማን ነው? አንድ!»

ሽመላዋ አንገቷን ቀና አደረገች። ወዲያ ጥግ ያለው ወንዱ ሽመላ አንድ ጊዜ ጮኸ። ስጦታው ቅርንጫፉን ጨምድዶ ይዞ አንዷ «የእኔ ነው» ትላለች ብሎ ጠበቀ። ማን ይላል? የቋጠረው እሱ ነው።

«የማን ነው? ሁለት!»

መዳፉ እየተላጠ ከዛፉ ወረደ፤ ሮጠ። ፊታቸው ሲደርስ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቆመ።

«የእኔ ነው» አለ፤ ለራሱ እንኳ በቅጡ አልተሰማውም።

«ምን አለ?»

«የእኔ ነው።»

ሳቁ ጨፌውን ሞላው። «የወፍጮ ቤቱ ስጦታው! አንተም ልጃገረድ ሆንክልን?» አለችው አንዷ።

ብሩክታይት እጇን አነሳች። «ቆይ፣ ወንድ ከቋጠረ ለሴት ነው። ለማን ነው? ጥራት!»

ይኸኛውን ወግም ያውቀዋል። ወንድ የቋጠረላትን በጓደኞቿ ፊት ይጠራል። ከተቀበለችው ገብታ ትነቅላለች፤ ካልተቀበለችው ቋጠሮውን ፈትታ ለሁሉም ትለቀዋለች። በሁለቱም በኩል እግር ጎጆው ላይ መድረሱ ነው። እውነቱን እንዳይናገር አምና ስለ ጎጆው ያወራለት የዚያ ጎረቤቱ እህት ከመሀላቸው ቆማለች።

ዓይኑ ከኋላ የቆመችው ወይንእሸት ላይ አረፈ። ሰኔ ላይ ልታስፈጭ መጥታ የባዶ ጆንያ ክምር ላይ አንዲት ዋኔ ወፍ እንቁላል ጥላ አየች። «ያንን ጆንያ እንዳታነሳው» ብላው፣ ለማንም ሳትናገር፣ ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች። የሚያውቃት በዚህ ብቻ ነው።

«ለወይንእሸት» አለ።

እልልታው ሲቀልጥ የወይንእሸት ፊት ተለዋወጠ። «ለእኔ? ይሄ ሰው መቼ አናግሮኝ ያውቃል?»

«እሱን ማታ ተነጋገሩ» አለች ብሩክታይት። «አሁን ግቢ። ትነቅያለሽ ወይስ ትፈቺያለሽ?»

ወይንእሸት እሳት ለብሳ ወደ እሱ መጣች። ስጦታው መሬት መሬት እያየ «ብቻሽን ግቢ» አላት። «ቀስ ብለሽ። እባክሽ።»

«ገና ሳትቀበለው ማዘዝ ጀመረ!» ሳቁ እንደገና ተነሳ።

ቀሚሷን ሰብስባ ቋጠሮውን አልፋ ገባች። ጭቃው እግሯን ሲውጥና ሲተፋ ይሰማል። ስጦታው እርምጃዋን ቆጠረ። አሥር። አሥራ ሰባት። ሽመላዋ ክንፏን በርግዳ ተነሳች። ወይንእሸት ባለችበት ደረቀች።

ጀርባዋ ብቻ ይታያል። ጉሙ መሳሳት ጀምሯል፤ ትንሽ ቢቆይ ጎጆው ከዳር ይታያል።

«ምንድን ነው? እባብ ነው?» ብሩክታይት አንድ እግሯን ጭቃው ውስጥ አስገባች።

«እንዳትመጪ!» አለች ወይንእሸት ሳትዞር።

ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየረገጠች ቋጠሮው ጋ ተመለሰች። አጎንብሳ በሁለት እጇ ያዘችው። ልትፈታው ነው አለ ስጦታው በልቡ፤ አለቀ። እሷ ግን ቋጠሮውን በጥርሷ ስባ ጠበቅ አደረገችው።

«ተቀብያለሁ» አለች ቀና ብላ። «ግን ዛሬ አልነቅለውም፤ ገና አልጠናም። ለመስቀል እመጣበታለሁ። እስከዚያ የነካው ከእኔ ጋር ነው።»

«እንዲህ ያለ አቀባበል አይተን አናውቅ!» አለች ብሩክታይት። ቢሆንም ለቋጠሮው ባለቤት ቆሞለታል። እግሯን ከጭቃው መዝዛ ሌሎቹን ወደ ማዶው ጨፌ እየመራች ዘፈኗን ቀጠለች።

ወይንእሸት ስጦታው አጠገብ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ ያልኩት ሽመላዋን ነው። አንተን ገና አልመለስኩልህም።»

«አውቃለሁ።»

«ሳትጠይቀኝ ስሜን ጠራህ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ እናቴ ጋ ይደርሳል። ዛሬውኑ ቤት መጥተህ የምታስረዳት አንተ ነህ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ብቻ ሦስቴ እስክትጠየቅ አትጠብቅ።» ጥቂት ሄዳ ዞረች። «አንደኛው እንቁላል ተሰንጥቋል። ከውስጥ ድምፅ ሰምቻለሁ።»

ዋንዛው ላይ ተመልሶ መነጽሩን ሲያነሳ ዘውዷ የለም። እንግጫው ብቻ ይወዛወዛል። ክርኑን ቅርንጫፉ ላይ አስደግፎ ጠበቀ። ፀሐይ ቋጠሮዎቹ ላይ ስታርፍ ወንዱ ሽመላ እየተንጎራደደ መጣ፤ ዙሪያውን ቃኘ። ከአጠገቡ ያ ወርቃማ ላባ ቀስ ብሎ ብቅ አለና መልሶ ወደ ጎጆው ዝቅ አለ።

ደብተሩን አወጣ። «አንደኛው ተሰንጥቋል» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ አንድ መስመር ዘሎ «እትዬ ፀሐይነሽ፣ እንደምን አደሩ» አለ። እትዬ ፀሐይነሽ የወይንእሸት እናት ናቸው። እርሳሱን ነክሶ ብዙ አሰበ፤ ሌላ ቃል ግን አልመጣለትም።