ሰው አገር ያለው የዩምና ጡንቻ

እኔ ሸኩር፣ አጋሮ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ትከሻና ክንድ ስለካ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። የልጄን የዩምናን እጅጌ ግን ዒድ በመጣ ቁጥር ማጥበብ ጀመርኩ። ቡና መጋዘን ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ እየለየች ትሠራ ነበር። መጀመሪያ ከተቀመጠችበት መነሳት አቃታት፣ ቀጥሎ እጇን ወደ ሻሿ ማንሳት። ጅማ ወሰድኳት፣ አዲስ አበባም ወሰድኳት። በዘር የሚመጣ የጡንቻ በሽታ ነው፣ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም አሉኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ተናድጄ ወጣሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ፈድሊያ ለዒድ ከስዊድን መጣች። እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። በዚህ በሽታ ላይ ለሚሠሩት ምርምር የዩምናን ፈቃድ ጠይቃ ደም አስቀዳች። በደሙ ውስጥ ያሉትን ሴሎች ገና ምንም ወዳልሆኑበት ወደ መጀመሪያቸው እንደሚመልሷቸው፣ ከዚያ ጡንቻ እንዲሆኑ አድርገው እንደሚያሳድጓቸው አስረዳችን። ለጥናት ነው ብላም ነበር። እኔ የሰማሁት «ጡንቻ» የምትለዋን ብቻ ነው። ባለቤቴ ሀጂራ ደግሞ ከእኔ ባሰች፤ ለልጄ አዲስ ክንድ እየተሠራላት ነው ብላ ለሰፈሩ አዳረሰች።

ወራት አልፈው አንድ ቀን ስልኬ ላይ ቪዲዮ መጣ። በአጉሊ መነጽር የታየ፣ ክር ክር የሚመስል ነገር ነው። ኩምትር ይላል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ኩምትር ይላል። «አጎቴ፣ የዩምና ጡንቻ ነው» ብላ ጽፋለች ፈድሊያ። ሀጂራ እልልታዋን አቀለጠችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን በግ ገዛን። አላህ እንዲህ ያለ ነገር አሳይቶ ሰደቃ ሳያወጡ መቀመጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሼህ አብዱልፈታሕ ተጠሩ፣ ጎረቤቱ ቤቱን ሞላው፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዳንዱ ስክሪኑን እያየ ሱብሃነላህ ይላል፣ አንዳንዱ ዩምናን ያቅፋታል።

ሥጋው ተበልቶ ሳያልቅ ፈድሊያ በቪዲዮ ደወለች። በኩራት ቤቱን ዞሬ አሳየኋት፤ ለምን በግ እንደታረደም ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። እስቲ አንዴ ወደ ውጭ ይውጡልኝ አለችኝ። ወጣሁ።

«ማሎ፣ አጎቴ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ያ እሷ ውስጥ የሚገባ አይደለም። መድኃኒት የሚሞከርበት ነው። ቢሳካ እንኳ ወደፊት ለሚመጡት ነው» አለች።

«ለዩምናስ?»

አለቀሰች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ምን አጠፋች? ነግራን ነበር። አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ሁለቱም እጆቼ ጤነኛ ናቸው፣ የሚሠሩት ግን ጠፋቸው።

ስመለስ ሼሁ የመዝጊያውን ዱአ ጀምረዋል። ቤቱ በሙሉ መዳፉን ዘርግቷል። ሀጂራ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ በርቶ፣ አሚን ትላለች። ያንን ፊት እያየሁ በምን አፌ ልንገራት? ሄጄ ዩምና አጠገብ ተቀመጥኩ። አየችኝ።

«ለእኔ አይደለም፣ አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አይደለም።»

የተዘረጉትን መዳፎች ዞራ አየች። «አባ፣ እጄን አንሳልኝ፤ ዱአው ሳያልቅ» አለች።

«ምን ልትለምኚ?»

«ለዚያች ለጡንቻዬ ነዋ። ሰው አገር ብቻዋን ናት።»

እጆቿን በእጆቼ ከሥር ደግፌ አነሳሁላት። ከምሰፋው ልብስ እጅጌ አይከብዱም። ሼሁ ለዩምና ክንድ ይለምናሉ፣ ዩምና ለጡንቻዋ ትለምናለች። እኔ የምለምነው ጠፋኝ። እጆቿ እንዳይወድቁ ብቻ ይዤላት ቆየሁ።